ከለገሀር እስከ መኪና ግርግር፦ በአሮጌው ባቡር መስመር የአምስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ባለፉት መቶ ዓመታት የዕለት ኑሮ እንዴት እንደተለወጠ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወርደውን የአሮጌውን ባቡር መስመር ቢከተል ብዙ ያተርፋል። ቆርቆሮው፣ ምስማሩ፣ ላምባው፣ አቡጀዲው፣ የስፌት መኪናው አብዛኛው ወደ መሀል አገር የገባው በዚህ ሐዲድ ነው። በመንገዱ ላይ ሕንጻና ድልድይ ሞልቷል፤ እዚህ የሰፈረው ግን በአብዛኛው የጓዳ ነገር ነው። እናቶቻችን በቀን ስንት ሰዓት ወፍጮ ላይ ይንበረከኩ እንደነበር ለማያውቅ ሰው፣ ባቡር መጣ ቢሉት ምን እንደመጣ አይገባውም።

አንደኛ ቀን፦ አዲስ አበባ

መነሻው ለገሀር ነው። ስሙ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል፣ ከ«ላ ጋር»፣ የመጣ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሆነ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። ከባቡሩ በፊት ነጋዴ ከሐረር አዲስ አበባ ለመድረስ በበቅሎና በግመል አንድ ወር ገደማ ይፈጅበት ነበር። ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ አዋሽና ድሬዳዋ ላይ እያደረ ጅቡቲ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ለዚያ ዘመን ሰው ይህ ተአምር ነበር።

ከለገሀር ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ እንጦጦ ይታያል። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከመሰደድ አድኗታል፤ ማገዶ ባለቀ ቁጥር ከተማ ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ የተለመደ ነበርና። ባሕር ዛፍ ለምጣድ የሚመረጠው በግንዱ አይደለም። ደረቅ ቅጠሉና ጭራሮው ነበልባሉ ሰፊ ነው፣ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይበርዳል። እንጀራ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በግንድ ከተጋገረ እሳቱ መሀል ላይ ይጠናል፤ መሀሉ ያራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል።

ከማገዶው በፊት ግን ዱቄቱ አለ። የእጅ ወፍጮ ሁለት ድንጋይ ነው፦ ከታች ትልቁና ዘንበል ብሎ የሚቀመጠው፣ ከላይ በሁለት እጅ የሚገፋው መጅ። ሴትየዋ ዶሮ ሲጮህ ትነሳለች፣ ተንበርክካ ትገፋለች፣ ጤፍ ከሆነ ሁለቴ ታሳልፈዋለች። ድንጋዩ እየላመ ሲሄድ እህሉ ይንሸራተትና ዱቄቱ ሻካራ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ወፍጮው መወቀር አለበት። በሹል ብረት ወይም በጠንካራ ድንጋይ ፊቱን እየነቀሱ ያሻክሩታል። የተወቀረ ቀን መጀመሪያ የሚፈጨው እህል ለሰው አይበላም፤ አሸዋ አለበት። አንድ ሁለት እፍኝ ርካሽ እህል ፈጭቶ መድፋት የግድ ነው።

የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ይህ ሁሉ ከሴቲቱ ትከሻ ወረደ። በእኛ እምነት ከመኪናም ከስልክም ይልቅ ኑሮን የለወጠው እሱ ነው። ሆኖም የወፍጮ ቤቱም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ድንጋዩ በጣም ከተጣበቀ ዱቄቱ እየጋለ ይወጣል፤ እንደጋለ በጆንያ ከታሰረ ያልበዋል፣ ይሻግታል፣ ሊጡም ደህና አይነሳም። ቤት እንደደረሰ ሰፊ ነገር ላይ በትኖ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ተራ በሚያዝበት ጊዜም ከፊት ያለው ሰው ምን እንዳስፈጨ መጠየቅ ነውር የለውም። ከበርበሬ ቀጥሎ የገባ ጤፍ እንጀራው እስኪበላ ድረስ ይናገራል።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ምጣድ። የሸክላው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሥሩ በተቦረቦረው መስመር ውስጥ የሚሞቅ ሽቦ ተጠምዝዞ ይተኛል። ጉልበቱ ብዙውን ጊዜ 3.5 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል ማለት ነው። በቀጭን ገመድና በተራ ሶኬት የተሰካ ምጣድ ሶኬቱን የሚያቀልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ለብቻው ወፍራም ገመድና ለብቻው ማቋረጫ ያስፈልገዋል። ሽቦው ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ጎትቶ መቋጠር የተለመደ ጥገና ነው፤ ነገር ግን የተቋጠረው ቦታ ይበልጥ ይግላል፣ በዚያ በኩል እንጀራው ዘወትር ያራል። ሽቦውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ይሻላል።

አዲስ ምጣድ፣ የእሳትም ይሁን የኤሌክትሪክ፣ ሳይሟሽ አይሠራም። ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይረጭበታል፣ በጨርቅ ማሰሻ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይታሻል፣ ይህ ደጋግሞ ይደረጋል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይዞ ያስቀራል። ሽቦ የገባበት ምጣድም የአያት እጅ ይፈልጋል።

ሁለተኛ ቀን፦ ከአቃቂ እስከ አዳማ

ከአቃቂ ወጥቶ እስከ ቢሾፍቱና ሞጆ ያለው ሜዳ መረሬ ነው፤ ጥቁር፣ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት አፈር። ለጤፍ ይስማማል። ለግድግዳ ግን አይሆንም፤ በመረሬ የተመረገ ቤት አንድ በጋ ሳይሞላው ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ከሌላ ቦታ ተጭኖ ይመጣል።

የጭቃ ቤት አሠራር ላለፉት መቶ ዓመታት በጥቂቱ ነው የተለወጠው። ከድንጋይ የጸዳ ቀይ አፈር ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ተሸፍኖ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቦካል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ እንደገና ይረገጣል። ሽታው ሲኮመጥጥና ጭዱ ሲለሰልስ ደርሷል። የመጀመሪያው ምርጊት በእጅ ከውስጥም ከውጭም ወደ ማገሩ ይገፋል። እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ መሰንጠቁም አይቀርም። ሁለተኛው ምርጊት ስንጥቁን ይደፍናል። ጭድ ሲያንስ ስንጥቁ ይሰፋል፤ በክረምት ከተመረገ ሳይደርቅ ይወርዳል። የቋሚው እግር መሬት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከሰል እስኪመስል በእሳት ይለበለባል፤ ዛሬ ደግሞ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀቡታል። ካልሆነ ምስጥ ነው።

የተለወጠው ክዳኑ ነው። የሳር ክዳን ሌሊት ይሞቃል፣ ቀን ይቀዘቅዛል፣ ግን በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ለእሳትም የተጋለጠ ነው። ባቡሩ ቆርቆሮ ካመጣ በኋላ ጎጆው ክብ መሆኑን ተወ፤ ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነገር ስለሆነ ቤቱም አራት ማዕዘን ሆነ። ቁም ሣጥኑ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ቆርቆሮ ሲገዙ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ብረቱ እንደሚሳሳ ያስታውሱ፦ 28 ከ32 ይወፍራል። ምስማሩ የሚመታው ጉብታው ላይ እንጂ ውሃ የሚወርድበት ስርጉዱ ላይ አይደለም። በመጀመሪያው ዝናብ የሚያፈሱት ቤቶች አብዛኞቹ ይህን የሳቱ ናቸው።

አዳማ ከመግባት በፊት ከመንገዱ በስተደቡብ ቆቃ አለ። ግድቡ ኃይል መስጠት የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ 43 ሜጋ ዋት። በጊዜው ትልቅ ነበር። ከዚያ በፊት የአብዛኛው ቤት ብርሃን የምድጃው እሳት፣ አልፎ አልፎ ጧፍ፣ ላምባ ሲገባ ደግሞ ኩራዝ ነበር። ኩራዝ ቀላል ነገር ናት፦ ጣሳ፣ ከቆርቆሮ የተጠቀለለች ቀጭን ቱቦ፣ ከአሮጌ ጋቢ የተገመደ ክር። የክሩ ጫፍ ከቱቦው በላይ የስንዴ ፍሬ ያህል ብቻ መውጣት አለበት፤ ከዚያ ከበለጠ ይጨሳል፣ የሌሊት ተማሪ ጠዋት አፍንጫው ጥቁር ሆኖ ይነሳል። ማሾ የሚባለው የላምባ መብራት ብርጭቆ ስላለው ብርሃኑ ይረጋል፤ ክሩ ዳርና ዳሩ በመቀስ ትንሽ ካልተከረከመ ነበልባሉ ሁለት ቀንድ ያወጣና ብርጭቆውን ያጠቁራል። የጋለ ብርጭቆ ላይ ጠብታ ውሃ ካረፈ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የከፋው ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ነው። ኩራዙን ቦምብ ያደርገዋል፤ ብዙ ሕፃናት በዚህ ተቃጥለዋል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ኩራዝ የሚያበራ ቤት ዛሬም ስላለ ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ከአዳማ ወደ ደቡብ ትንሽ ሲወጡ ወንጂ ነው። የደች ኩባንያ ያቋቋመው ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ቡና በጨው የሚጠጣበት አገር ስኳርን ዕለታዊ ያደረገው ይህ ፋብሪካ ነው፤ ሻይ ቤት የሚባለውም ነገር በየከተማው የተስፋፋው ስኳር በቅርብ ሲገኝ ነው።

ሦስተኛ ቀን፦ መተሐራና አዋሽ

ከአዳማ በኋላ መሬቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። መተሐራ አጠገብ መንገዱ የበሰቃን ሐይቅ ይነካል። ይህ ሐይቅ ከስድሳ ዓመት በፊት ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከአርባ በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለመስኖም ለመጠጥም አይሆንም፣ የከረዩ አርብቶ አደሮችን ግጦሽ ውጧል፣ መንገዱንና ሐዲዱን ደጋግሞ ከፍ ማድረግ አስፈልጓል።

እዚህ አካባቢ ወተት የሚያዘው በጮጮ ነው፤ በጥብቅ በተሰፋ ዕቃ። ከመታለቡ በፊት ዕቃው ይታጠናል፦ የወይራ ወይም የሌላ ሽታ ያለው እንጨት ጫፉ ፍም ሲሆን ውስጡ ይገባል፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ ጭሱ ሲሞላ እንጨቱ ወጥቶ የከሰሉ ብናኝ ይጠረጋል። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ወተት የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ወተቱ ቶሎ አይበላሽም። ቢጫው ጀሪካን ሲመጣ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ባጃጅ ላይ ይጫናል፤ ግን ፕላስቲክ አይታጠንም፣ ጠባብ አፉም እጅ ስለማያስገባ ጥጉ አይጸዳም። በዚህ ሙቀት ጠዋት የታለበ ወተት ከተማ ሳይደርስ የሚፈርሰው ለዚህ ነው። አፉ ሰፊ የሆነ የብረት ዕቃ ይሻላል፤ ይታጠባል፣ በፈላ ውሃ ይለቀለቃል።

የውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። እንስራ ሸክላ ስለሆነ ውሃው በትንሹ እያላበ ይተናል፣ የቀረውን ያቀዘቅዘዋል፤ አዋሽ ላይ በሚያዝያ ሙቀት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ባዶው ራሱ ከባድ ነው፤ ጀርባ ላይ በገመድ ታስሮ ዳገት የወጣች ልጅ ወገቧ ያውቀዋል። ሃያ ሊትር ጀሪካን የሚይዘው ውሃ 20 ኪሎ፣ ባዶው ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ፀሐይ ላይ ከዋለ ውስጡ አረንጓዴ ያበቅላል፤ ጥቂት ደረቅ አሸዋና ውሃ ከትቶ ደጋግሞ መነቅነቅ ያጸዳዋል። በዚህ መንገድ ላይ ካየናቸው ቤቶች ብልሆቹ ሁለቱንም ይዘዋል፦ በጀሪካን ያመላልሳሉ፣ በእንስራ ያስቀምጣሉ።

አዋሽ ከተማ የተወለደችው ባቡሩ ስለሚያድርባት ነው። የጣቢያው ቡፌ አሁንም አለ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዝም ያለውን አሮጌ ሐዲድ ማየት ያሳዝናል። ሰው፣ አትክልትና ዶሮ ይዞ በየጣቢያው ይቆም የነበረው ባቡር ከቆመ ወዲህ ከአስፋልት የራቁት ትናንሽ ጣቢያዎች ገበያቸው ሞቷል።

አራተኛ ቀን፦ ድሬዳዋ

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ መደበኛ አገልግሎት በ2010 ጀመረ። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የድሮው ፉርጎ አይሄድበትም። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ጣቢያው ለቡ ነው እንጂ ለገሀር አይደለም፤ ድሬዳዋም ላይ ከከተማው ርቆ ነው የሚያወርደው። ስለዚህ ለባጃጅና ለታክሲ ጊዜና ገንዘብ ይያዝ፣ መታወቂያ አይረሳ። ድሮ ሁለት ቀን የሚወስደው መንገድ አሁን የአንድ ቀን ክፍል ነው፤ ጣቢያውን ከሰፈር ማራቁ ግን ጥሩ ሐሳብ ነበር ብለን አናምንም።

ድሬዳዋ ሁለት ናት። ደቻቱ ከሚባለው ደረቅ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፦ ቀጥ ያለ ጎዳና፣ የዛፍ ጥላ፣ የባቡር ሠራተኛ ቤት። ከደቻቱ ማዶ መጋላ፦ ገበያው፣ ጠባቡ መንገድ፣ ጫጫታው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሕይወት አጥፍቷል፤ ዝናቡ ከተማው ላይ ሳይሆን ላይኛው ደጋ ላይ ስለሚዘንብ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃ ሊወርድ እንደሚችል እዚህ የሚሰነብት ሰው ማወቅ አለበት።

ቀፊራ ገበያ ላይ የብር ጌጥ የሚሸጡት ዘንድ ዛሬም ማርትሬዛ፣ የኦስትሪያ ንግሥት ምስል ያለበት የድሮው ጠገራ ብር፣ ይገኛል። ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 ነው፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር። የድሮ ሰው ሐሰተኛውን የሚለየው ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ፈርጥ በመቁጠር ነበር፤ ዘጠኝ መሆን አለበት። ካነሰ ወይም ተፍቆ ከጠፋ አይቀበልም። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ስለሚመዝን ሀብታም ሰው ገንዘቡን በበቅሎ ይጭን ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ወጣ። አሁን እዚያው ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ቴሌብር ትቀበላለች። የዘመኑ ሐሰተኛ ፈርጥ ደግሞ የተቀነባበረ የክፍያ ምስል ነው፦ ገዢው ስልኩን ቢያሳይም የራስ ስልክ ላይ መልእክቱ ሳይገባ ዕቃ አይለቀቅም።

ጨርቁም እዚህ ነው የተለወጠው። ጥጥ ይፈለቀቃል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል የወራት ሥራ ነው። በባቡር የመጣው የፋብሪካ ክር ይህን አሳጠረው። ዛሬ ሸማኔው ድሩን የፋብሪካ ያደርጋል፤ እኩል ስለሆነና ሲወጠር ስለማይበጠስ። ማጉን ግን የእጅ ፈትል ካደረገው ልብሱ ይለሰልሳል፣ ይሞቃል። ጋቢ ሲገዙ ሁለቱንም አቅጣጫ በጣት ያሹ። ማጉ ላይ ወፈር ቀጠን የሚል ከሌለ ሁለቱም የፋብሪካ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መሆን አለበት።

እንጀራ ለሚጋግር ሰው አንድ ነገር፦ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን የሚጠብቅ ሊጥ እዚህ 1,200 ሜትር ላይ በአንድ ቀን ይደርሳል። በአዲስ አበባ ልማድ የተወ ሰው የሚያገኘው ኮምጣጣና ዓይኑ የጠፋ እንጀራ ነው። ለአምስት ሊትር ሊጥ ግማሽ ሊትር ያህል ወስዶ በአንድ ሊትር ተኩል የፈላ ውሃ አብሲት ማብሰል፣ ለብ እስኪል ማቀዝቀዝ፣ መመለስ፣ ኩፍ ሲል ወዲያው መጋገር ነው። ትኩስ አብሲት እርሾውን ይገድለዋል።

አምስተኛ ቀን፦ ሐረር

ከድሬዳዋ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወጥተው ሐሮማያ ሲደርሱ ብርዱ ይቀበልዎታል። ሐይቁ በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር፤ ለጫትና ለአትክልት ውሃ መሳቡና ደለል ተደምረው። የሐረር ቧንቧ በዚህ ሐይቅ ላይ ተመሥርቶ ስለነበር ከተማዋ ተጠማች። በቅርብ ዓመታት ውሃው እንደገና መታየት ጀምሯል። ሐረር ግን አሁን የምትጠጣው ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ ሽቅብ በፓምፕ የሚገፋ ውሃ ነው። መብራት ሲቋረጥ ውሃም የሚቋረጠው በዚህ ነው፤ በየቤቱ በርሜልና ጣሪያ ላይ ታንከር የሌለው ሰው የለም።

በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ በጁገል፣ አምስቱ የድሮ በሮች ሌሊት ይዘጉ ነበር። የሐረሪ ቤት ውስጡ በነደባ የተከፋፈለ ነው፤ ከፍ ዝቅ ባሉ መደቦች፣ እያንዳንዱ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ። ሶፋና ቴሌቪዥን ሲገባ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሶፋው መደቡን ይሸፍናል፣ የመቀመጫው ሥርዓት ይጠፋል። በጥንቃቄ የያዙት ቤቶች ቴሌቪዥኑን ግድግዳው ውስጥ ካለው የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ መስኮት አስገብተው ነደባውን በምንጣፍና በትራስ ትተውታል። ሲጋብዙም ቁጢ ይሰጣሉ፤ የደረቀ የቡና ቅጠል በምጣድ ቆላ ተደርጎ፣ ተፈርፍሮ፣ ፈልቶ፣ ወተትና ጨው የገባበት። ቅጠሉ ካረረ ይመራል፤ ቡናማ ሲሆንና ሽታው ሲያውድ መነሳት አለበት።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ውስጥ የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረዋል፣ አብዛኛው መኪና አሁንም በእግር የሚረገጥ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምምና። ደንበኛ ጨርቅ ገዝቶ ይሰጣል፣ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ሳይጨርስ ሽርጡ ወይም ድሪያው ተሰፍቶ ይደርሰዋል።

የመኪናው ጠባይ የታወቀ ነው። ከጨርቁ ሥር ክሩ ቀለበት ቀለበት ከሠራ የላይኛው ክር ላልቷል፤ ማጥበቂያው ትንሽ ይዞራል። ስፌቱ እየዘለለ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው መርፌው ነው፤ ጎብጦ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጠፍጣፋው ጎኑ ተገልብጦ ገብቷል። ዘይት በየቀዳዳው አንድ ጠብታ ብቻ፤ ከዚያ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት ሰፍቶ ትርፉን ማስወጣት፣ አለዚያ የሙሽራ ልብስ ላይ ይወርዳል። ከታች መንኮራኩሩን ከላይኛው ጋር የሚያገናኘው የቆዳ ቺንጋ በጊዜ ብዛት ይለጠጣል፣ እግር ይረግጣል፣ መርፌው ግን አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ሰፊው የቺንጋውን ሁለት ጫፎች የምታያይዘውን ሽቦ በጉጠት ይፈታል፣ ከቆዳው የጣት ውፍረት ያህል ይቆርጣል፣ በወስፌ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፣ ሽቦዋን መልሶ ያስገባና ሁለቱን ጫፍ በመዶሻ ያጠፋል። ከዚያ መንኮራኩሩን በእጁ አንዴ ያዞረዋል፣ እግሩን ያሳርፋል፣ ግርግሩ ይቀጥላል።